ደካማ ነፋስና የመንደርደሪያ ምርጫ፤ ከኮረም ሜዳ እስከ ምስለ በረራ ክፍል

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና፣ መርሳ ከመድረሱ በፊት ውርጌሳ የምትባለውን ትንሽ ከተማ ያቋርጣል። ውርጌሳ በሐብሩ ወረዳ ውስጥ ናት፤ በቀድሞው አከፋፈል ደግሞ በየጁ አውራጃ ነበረች። በስተ ምዕራብ የአምባሰል ተራሮች ቆመዋል፤ በስተ ምሥራቅ ምድሩ እየተዳፋ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚኖር ገበሬ የነፋስን ጠባይ ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በበጋ ወራት ሌሊቱን የቀዘቀዘው የደጋ አየር ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ቆላ ስለሚንሸራተት፣ ጧት ከየቤቱ የሚወጣው ጢስ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ፀሐይ የተራራውን ፊት ካሞቀች በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሞቃቱ የቆላ አየር ሽቅብ መጓዝ ይጀምርና ጢሱም ወደ አምባሰል ያጋድላል። በሁለቱ መካከል ግን ጢሱ ቀጥ ብሎ የሚወጣበት፣ ወይም አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚልበት ጊዜ አለ። በአውድማ ላይ ያለ ሰው መንሹን አስቀምጦ ነፋስ የሚጠብቅበት ሰዓት ይህ ነው።

በውርጌሳ የአውሮፕላን ማረፊያ የለም። ለአካባቢው የሚቀርቡት በደቡብ የኮምቦልቻ፣ በምዕራብ የላሊበላ ማረፊያዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ያ መንሽ የሚቀመጥበት ሰዓት ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ከአስቸጋሪዎቹ ሰዓቶች አንዱ ነው። ነፋስ ሲበረታ መንደርደሪያውን ራሱ ይመርጣል፤ ለክርክር ቦታ አይተውም። ነፋስ ሲደክም ግን ምርጫው በሰው እጅ ይወድቃል። ሰውም ይህን መረጥሁ ብሎ ብቻ አይቀርም፤ ስለ ምን እንደ መረጠ መናገር ይገባዋል። ይህ «ስለ ምን» የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ሰማይ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ታሪክ አለው፤ ዛሬ በምስለ በረራ ክፍል ተቀምጠው የማማን ሥራ የሚለማመዱ ሰዎችም፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ የዚያው ታሪክ ወራሾች ናቸው።

አውሮፕላን ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮ ይነሣል፤ ፊቱን ወደ ነፋስ አዙሮም ያርፋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ውስጥ ባለው ፍጥነት ነው፤ ጎማና ፍሬን ግን የሚቋቋሙት በምድር ላይ ያለውን ፍጥነት ነው። የፊት ነፋስ ይህን የምድር ፍጥነት ይቀንሳል፣ የጀርባ ነፋስ ይጨምራል። በፍሬን የሚበርደው የእንቅስቃሴ ጉልበትም በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። ለምሳሌ በ130 ኖት የሚያርፍ አውሮፕላን በባሕር ጠረፍ 5 ኖት የፊት ነፋስ ቢያገኝ መሬት የሚነካው በ125 ኖት ነው፤ ያው ነፋስ ከጀርባው ቢመጣ በ135 ኖት ይሆናል። በሁለቱ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት 17 በመቶ ያህል ነው። አምስት ኖት በሰዓት 9 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፤ ቅጠልን ከማወዛወዝ አልፎ ብዙ የማይታይ ነፋስ ነው።

በከፍተኛ ምድር ላይ ሒሳቡ ሌላ መልክ ይይዛል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ይበልጣል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሚሆንበት ቀን በዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ መደበኛ አየር 27 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ከዚህ የተነሣ በመሣሪያው ላይ 130 ኖት የሚያነበው አብራሪ በእውነቱ ወደ 152 ኖት ይጓዛል። በዚህ ላይ 5 ኖት የጀርባ ነፋስ ቢታከል መሬት የሚነካው በ157 ኖት ነው። ይህም በባሕር ጠረፍ በጸጥታ ካረፈው አውሮፕላን ጋር ሲነጻጸር የ46 በመቶ የጉልበት ብልጫ አለው። ስለዚህም ደካማ ነፋስ የሚለው ቃል በደጋ ማረፊያ ላይ ሲነገር ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ነፋሱ ደካማ ቢሆንም የሚታከለው ቀድሞውንም ብዙ በሆነ ነገር ላይ ነው።

ቃሉ ራሱም አንድ ወጥ ትርጉም የለውም። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ በሚጻፍ የአየር ጠባይ መግለጫ ነፋሱ ከ1 ኖት ሲያንስ «ጸጥታ» ይባላል። በአሜሪካ መግለጫ ከ3 ኖት በታች ያለው ሁሉ ጸጥታ ነው። የዚያው አገር ተቆጣጣሪ ደግሞ ነፋሱ ከ5 ኖት በታች ሲሆን አስቀድሞ የተወሰነውን የጸጥታ መንደርደሪያ እንዲጠቀም ታዝዟል። ከውርጌሳ በስተ ደቡብ ባለችው በውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በሁለት ቋንቋ ሁለት ትርጉም ይዞ ምን እንዳስከተለ የሚያስታውስ አንባቢ፣ አንድ ቃል በሦስት ልክ መሰፈሩን እንደ ቀላል ነገር አያልፈውም።

የታሪኩ መነሻ ማማም መንደርደሪያም ያልነበረበት ዘመን ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1915 ዓ.ም. በኤደን የእንግሊዝን አየር ኀይል ትርኢት ከተመለከቱ በኋላ አውሮፕላንን ወደ አገራቸው ለማስገባት አሰቡ። ሐሳቡም ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈጸመ፤ ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረራት ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ገብታ «ንሥረ ተፈሪ» ተባለች። በዚያን ጊዜ የነበረ አብራሪ ወዴት ፊቱን አዙሮ እንደሚያርፍ የሚነግረው ሰው አልነበረም። በሜዳው ላይ አንድ ጊዜ ዞሮ ጢስን፣ የሣርን መተኛት፣ ከብት ያስነሣውን አቧራ ያያል፤ ከዚያ ይወስናል። ጢሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ነፋሱ ምንም አልነገረውም ማለት ነው፤ እንግዲህ ዐይኑ ወደ ምድሩ ይመለሳል። ሜዳው ወዴት ይዘቀዝቃል? ጉድጓዱ በየት በኩል ነው? ረግረጉስ? በየትኛው ጫፍ ተራራ፣ በየትኛው ጫፍ ገደል አለ?

በዚህ ረገድ ከወሎ ሜዳዎች የኮረምን ያህል የሚታወስ የለም። ኮረም ከ2400 ሜትር በላይ የሚገኝ ደጋ ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም.፣ ከማይጨው ጦርነት ጥቂት ቀናት አስቀድሞ፣ ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የዓለም አቀፉን የቀይ መስቀል ኮሚቴ መልእክተኛ ማርሴል ዡኖን ይዞ በዚያ ሜዳ ላይ አረፈ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበራት አውሮፕላኑ በምድር ላይ እንደ ቆመች በጣሊያን ቦምብ ወደመች። እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ አብራሪን የሚያስጨንቀው ነገር ብዙ ነበር፤ ነፋስ ከእነዚያ ውስጥ አንዱ ብቻ ነው፤ በደከመ ጊዜ ደግሞ የመጨረሻው ይሆናል። ሰውየው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ የአየር ኀይሉን አብራሪዎች ለዓመታት አሠልጥኗል፤ በ1966 ዓ.ም. ገደማም ትንንሽ አውሮፕላኖችን ይዞ መንገድ ላልደረሳቸው መንደሮች እህል ከአየር ጥሏል። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በጎዴ ተገደለ። በአንድ ሰው ዕድሜ የኢትዮጵያ ሜዳዎች ምን እንዳሳለፉ ከዚህ ይታያል።

የደጋ አብራሪዎች ከእንዲህ ያሉ ሜዳዎች ያወጡት ልማድ በአጭሩ ይህ ነው፤ ነፋሱ ደካማ ከሆነ ሽቅብ አርፎ ቁልቁል መነሣት። መሐንዲሶችም በኋላ ለዚሁ ነገር ቁጥር አበጁለት። በማረፊያ ዲዛይን መመሪያ መሠረት መንደርደሪያው 1 በመቶ ሲዘቀዝቅ ለመነሣት የሚያስፈልገው ርዝመት በ10 በመቶ ይጨመራል። ከዚህ የምንረዳው አንድ በመቶ ተዳፋት ሁለት ሦስት ኖት ከሆነ ነፋስ ጋር ሊፎካከር፣ ሊያሸንፈውም እንደሚችል ነው። ጢሱ ቀጥ ባለበት ጧት የምድሩን ዝቅዝቅታ ያልመረመረ ሰው ከሁለቱ መሪዎች አንዱን አላየም።

ከድል በኋላ ነገሩ በደንብና በሥርዐት መመራት ጀመረ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በሲ 47 አውሮፕላን ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ አደረገ። የአዲስ አበባው ማረፊያ ልደታ ነበር። ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመውን የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት ኢትዮጵያ በ1939 ዓ.ም. አጸደቀች። ከዚያ ስምምነት የወጡት ደንቦች «በሥራ ላይ ያለ መንደርደሪያ» የሚል ሐሳብ አመጡ። ትርጉሙም በአንድ በተወሰነ ጊዜ ሊያርፉና ሊነሡ ለሚጠበቁት አውሮፕላኖች ከሁሉ ይልቅ ተስማሚ ነው ብሎ ማማው የመረጠው መንደርደሪያ ማለት ነው። ምርጫው ከአብራሪው ዐይን ወጥቶ ወደ ማማው ደብተር የገባው በዚህ ነው። አብራሪው ግን መብቱን አልተነጠቀም፤ የተሰጠው መንደርደሪያ የማይበጀው ከመሰለው ሌላ ሊጠይቅ ይችላል።

ደንቡ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። አውሮፕላን እንደ ወትሮው ወደ ነፋስ ይነሣል፣ ወደ ነፋስ ያርፋል ካለ በኋላ፣ ደኅንነት ወይም የመንደርደሪያው አቀማመጥ ወይም የአየሩ ጠባይ ወይም ያለው የመሣሪያ አቀራረብ ወይም የትራፊኩ ሁኔታ ሌላ አቅጣጫ ይሻላል ካላሰኘ በቀር ይላል። ድምፅን ለመቀነስ ሲባል ብቻ የጀርባ ነፋሱ ከ5 ኖት፣ የጎን ነፋሱ ከ15 ኖት የሚበልጥበት መንደርደሪያ እንዳይመረጥም ይከለክላል። እንግዲህ ከአምስት ኖት በታች ያለው ሰፊ ሜዳ ለተቆጣጣሪው ማስተዋል የተተወ ነው።

ልደታ ለጄት አውሮፕላን አጭር ነበር። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 አውሮፕላኖችን ባዘዘ ጊዜ አዲስ ማረፊያ በቦሌ ተሠራ፤ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. መንደርደሪያውና ማማው ለሥራ ደርሰው ነበር። ለምን ረጅም መንደርደሪያ እንዳስፈለገ ማንኛውም ወጣት መሐንዲስ በወረቀት ላይ ሊያገኘው ይችላል። በባሕር ጠረፍ 2000 ሜትር የሚበቃው አውሮፕላን እንውሰድ። መመሪያው ለየ300 ሜትሩ ከፍታ 7 በመቶ ጨምር ይላል፤ ለቦሌ ከፍታ 54 በመቶ ያህል ይመጣና ርዝመቱ ወደ 3090 ሜትር ያድጋል። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት ወደ 0 ዲግሪ ስለሚጠጋ፣ ቀኑ 25 ዲግሪ ሲሞቅ ለየዲግሪው 1 በመቶ ተጨምሮ 3860 ሜትር ይሆናል። እርግጥ ነው መመሪያው ራሱ ጭማሪው ከ35 በመቶ ሲያልፍ ልዩ ጥናት ይደረግ ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ሆኖም ውጤቱ ዛሬ በቦሌ ካለው የ3800 ሜትር መንደርደሪያ ብዙ አለመራቁ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው።

የቦሌ መንደርደሪያ ሁለት ጫፎች 07 እና 25 ተብለው ይጠራሉ። ቁጥሮቹ የኮምፓሱ ዲግሪ ለ10 ተካፍሎ የተገኙ ናቸው፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሌላው ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ያመለክታል። ኋላ የታከለው ሁለተኛ መንደርደሪያም ለመጀመሪያው ትይዩ ስለሆነ በአቅጣጫ ረገድ አዲስ ምርጫ አላመጣም። በበጋ ወራት የአዲስ አበባ ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚመጣ 07 የተገባ ይሆናል። ክረምቱ ሲገባ ግን ነፋሱ ይዳከማል፣ ይለዋወጣል፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብም ይዞራል። በሰሜን የእንጦጦ፣ በደቡብ ምሥራቅ የየረር ተራሮች ከ3000 ሜትር በላይ ቆመው እያሉ፣ አንዱን ጫፍ ትቶ ሌላውን መያዝ ማለት በመንገድ ላይ ያሉትን አውሮፕላኖች ሁሉ በተራራ መካከል እንደ ገና መደርደር ማለት ነው።

የመንደርደሪያ ጫፍ በወረቀት ላይ ቁጥር ነው፤ በምድር ላይ ግን ከጫፉ ባሻገር የሆነ ነገር አለ። ሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ሱፐር ቪሲ 10 ከቦሌ ለመነሣት ሲንደረደር፣ ከአንዲት ትንሽ አውሮፕላን የወደቀ ብረት የፊት ጎማውን አፈነዳው። አብራሪው ጉዞውን አቋርጦ ለመቆም ሞከረ፤ ከፍሬኖቹ ከፊሎቹ በጥገና ስሕተት ምክንያት ሊይዙ አልቻሉም። አውሮፕላኑ ጫፉን አልፎ ዝቅ ባለው ምድር ላይ ወድቆ ተቃጠለ፤ ከ107 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 43 ሞቱ። ይህ አደጋ በነፋስ የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ በየትኛው ጫፍ በኩል ምን ያህል ትርፍ ምድር እንዳለ ማወቅ ለተቆጣጣሪውም ለአብራሪውም ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ አስረጅ አይገኝም። ነፋሱ ዝም ባለበት ቀን፣ ምናልባት ነገሩ ቢበላሽ በየትኛው በኩል ይበላሽ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የወሎን ምድር እንደ ገና ወደዚህ ታሪክ የሚያመጣው የ1977 ዓ.ም. ረኀብ ነው። የኮረም ሥዕል ጥቅምት 13 ቀን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ የብዙ አገሮች ማመላለሻ አውሮፕላኖች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የእንግሊዝ አየር ኀይል ሄርኩለሶች «ኦፕሬሽን ቡሽል» በተባለው ዘመቻ እስከ 1978 ዓ.ም. እህል አመላለሱ፤ የምዕራብ ጀርመን ትራንሳሎችና የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም አብረው ሠሩ። ከኮረም ተራራ ግርጌ፣ 1500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ የሚገኘው የአላማጣ የአፈር ማረፊያ፣ በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ የነበረው፣ ከዋነኞቹ መድረሻዎች አንዱ ሆነ።

የውርጌሳን ጢስ የሚያጋድለው ነፋስ አላማጣም አለ፤ ሁለቱም በአንዱ የምሥራቅ ገደል ግርጌ ያሉ ናቸውና። ጧት ከተራራው ይወርዳል፣ ረፋድ ላይ ይገለበጣል፤ መካከሉ ባዶ ነው። ተራራ በአንድ በኩል ባለበት የአፈር ማረፊያ ላይ ይህ ባዶ ሰዓት ችግር ብቻ ሳይሆን ዕድልም ነው። ነፋሱ ካልከለከለ አንድ አውሮፕላን ወደ ተራራው ፊቱን አዙሮ ያርፋል፤ ጭነቱን ያራግፋል፤ ዞሮም ወደ ተዘረጋው ሜዳ ይነሣል። በመንደርደሪያው ላይ ወደ ኋላ መጓዝ ይቀራል፤ ሞተሩ አቧራ የሚያነሣበት ጊዜ ያጥራል፤ የተቆጠበው ደቂቃና ነዳጅ በቀኑ መጨረሻ ተጨማሪ ጆንያ ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ጫፍ የሚያርፍና በዚያው ጫፍ የሚነሣ ፊት ለፊት የሚገናኙ ናቸው። የተለያየ ቋንቋ የሚናገሩ አብራሪዎች በሚመላለሱበት ሜዳ ይህን የሚፈቅድና የሚከለክል አንድ ድምፅ ብቻ መኖር አለበት። ስለዚህም በእንዲህ ያለ ቀን መንደርደሪያን መምረጥ የእህል ጉዳይና የሕይወት ጉዳይ በአንድ ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ወደ ተለያየ አቅጣጫ ሊጎትቱ ይችላሉ።

ሲጎትቱ ምን እንደሚሆን ከሩቅ አገር የመጣ አንድ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ያሳያል። ነሐሴ 1 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕንድ አገር፣ በኮረብታ አናት ላይ በተሠራው የካሊከት ማረፊያ፣ የኤር ኢንዲያ ኤክስፕረስ ቦይንግ 737 በዝናብ ውስጥ ለማረፍ መጣ። መጀመሪያ በሥራ ላይ የነበረው መንደርደሪያ 28 ነበር፤ አውሮፕላኑ በዚያ ሞክሮ ሳያርፍ ተመለሰ። በዚህ መካከል ለመነሣት የተዘጋጀ ሌላ አውሮፕላን 10ን በመጠየቁ ማማው መንደርደሪያውን ለወጠ። የሚያርፈው አብራሪም 10ን ተቀበለ። ሲያርፍ የጀርባ ነፋሱ 14 ኖት ያህል ደርሶ ነበር፤ መሬት የነካውም ከመንደርደሪያው ግማሽ ገደማ ላይ ነው። ጫፉን አልፎ ከኮረብታው ወደቀ፤ ከ190 ሰዎች ሁለቱን አብራሪዎች ጨምሮ 21 ሞቱ። የመርማሪዎቹ ዋና ፍርድ በአብራሪው ላይ ያረፈ ነው። ሆኖም ማማው ለሚነሣው አውሮፕላን ሲል በችኮላ መንደርደሪያውን መለወጡን፣ በእርጥብ መንደርደሪያ ላይ በጀርባ ነፋስ ለሚያርፈው ምን እንደሚያስከትል አለማሰቡንም ሪፖርቱ አልሸሸገም። አንድ አውሮፕላን የጠየቀው ለሌላው እንደማይበጅ ማስተዋል የማማው ድርሻ ነበር።

የምስለ በረራ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የመጀመሪያውን ተግባራዊ የበረራ መለማመጃ የሠራው አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ የኦርጋን ሠሪ ልጅ ነበር፤ መሣሪያውንም እንደ ኦርጋን በወናፍ አየር እንዲንቀሳቀስ አድርጎ በ1921 ዓ.ም. ፈጸመው። «ንሥረ ተፈሪ» አዲስ አበባ የደረሰችውም በዚያው ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ መለማመጃው ከአብራሪው አልፎ ወደ ተቆጣጣሪው ደረሰ፤ የማማ ሠልጣኞች በሠሌዳና በሞዴል፣ ኋላም በኮምፒዩተር ማሳያ ፊት ተቀምጠው ይማራሉ። በሌላ በኩል የግል ኮምፒዩተር ያላቸው የበረራ ወዳጆች በኢንተርኔት ተገናኝተው፣ አንዱ አብራሪ ሌላው ተቆጣጣሪ ሆኖ የሚሠራባቸውን ማኅበራት መሠረቱ፤ ከእነዚህ አንዱ ቫትሲም በ1993 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። በእነዚህ ማኅበራት የሚሠራው ተቆጣጣሪ ደመወዝ የለውም፤ ደንቡንና ካርታውን ግን እንደ እውነተኛው ያጠናል፤ ነፋሱንም ከእውነተኛው የአየር ጠባይ መግለጫ ይወስዳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። እውነተኛው ማማ ለአብራሪ የሚነግረው የ2 ደቂቃ አማካይ ነፋስ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ የሚታተመው መግለጫ ግን የ10 ደቂቃ አማካይ ይዞ ይወጣና ሌላው እስኪወጣ ድረስ እንደ ቆመ ይቆያል። የመግለጫው አቅጣጫ ከእውነተኛው ሰሜን፣ የማማው ከኮምፓስ ሰሜን የተለካ ነው፤ በኢትዮጵያ ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም፤ በሌሎች አገሮች ግን ሰፊ ነው። የምስሉ ተቆጣጣሪ እንግዲህ የሚያየው ነፋስ ያረጀ ነፋስ ነው። ነፋሱ ሲበረታ ይህ እርጅና ብዙ አያሳስትም። ሲደክም ግን ሁሉ ነገር በዚያ ላይ ያርፋል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በቦሌ ነፋሱ ከ150 ዲግሪ በ6 ኖት ነው የሚል መግለጫ ወጣ። አዲስ ሠልጣኝ ሒሳቡን ይሠራና 07 የፊት ነፋስ አለው ብሎ በኩራት ይመርጣል። ልክ ነው፤ ግን የፊት ነፋሱ 1 ኖት ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ የጎን ነፋስ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነፋሱ ወደ 170 ዲግሪ ቢዞር፣ ያው 1 ኖት ወደ 25 ይዞራል። ሠልጣኙ ሒሳቡን አክብሮ መንደርደሪያውን ቢለውጥ፣ ከልኬቱ ስሕተት ለማይበልጥ ቁጥር ሲል ሰማዩን በሙሉ አገለባበጠ ማለት ነው። ሌላው ሠልጣኝ ደግሞ የተገላቢጦሹን ያደርጋል፤ ጧት የያዘውን መንደርደሪያ ከልማድ የተነሣ አይለቅም፤ የክረምቱ ዳመና ከየረር በኩል ተነሥቶ የጀርባ ነፋሱ 8 ኖት እስኪደርስ ድረስ ዝም ብሎ ይቆያል። የፊተኛው ስሕተት ይታያል፣ ይሣቅበታልም። የኋለኛው ይበልጥ አደገኛ ሆኖ ሳለ ትጋት የሚመስልበት ጊዜ አለ።

ለእነዚህ ስሕተቶች ግማሹ ተጠያቂ ልምምዱን የሚያዘጋጀው ሰው ነው ቢባል ከእውነት አይራቅም። የልምምድ አዘጋጅ ብዙውን ጊዜ 20 ኖት የሆነ ብርቱ ነፋስ ይሰጣል፤ ምክንያቱም ብርቱ ነፋስ አንድ መልስ ብቻ አለው፤ ለማረምም ይቀላል። ደካማ ነፋስ ግን ሁለት የሚያስኬዱ መልሶች ሊኖሩት ይችላል። በዚያን ጊዜ የሚታረመው መልሱ ሳይሆን ምክንያቱ ይሆናል፤ ሠልጣኙ ተዳፋቱን አይቷል? ረጅሙን ጎን፣ የመሣሪያ አቀራረቡን፣ ተራራውን አስቧል? ለውጡን የጀመረው ለመውረድ ከተሰለፈው ከመጨረሻው አውሮፕላን በኋላ ነው ወይስ በመካከሉ? ጎረቤቱን ተቆጣጣሪ አስታውቋል? ይህን ሁሉ መዝግቦ ማረም ጊዜ ይፈጃል። ስለ ፈጀም ብዙ ጊዜ ይተዋል።

ነሐሴ 12 ቀን 2012 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ያወጣው አዲስ የምስለ በረራ ፕሮግራም ምድርን በሙሉ በሳተላይት ሥዕል ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወጣት ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በሐይቅ ላይ አድርጎ፣ አምባሰልን በግራው ትቶ፣ በውርጌሳና በመርሳ ሰማይ ወደ ወልድያ መብረር ይችላል። ተራሮቹ በቦታቸው ናቸው፤ መንገዱም ይታያል። ነፋሱ ግን ሰፋፊ ዐይን ካለው የሒሳብ መረብ የተሰላ ስለሆነ፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ የሚደረገውን የረፋድ መገለባበጥ በልኩ ለመያዝ ይከብደዋል። ይህን ጉድለት የሚያውቅ አስተማሪ ነፋሱን በእጁ ያዘጋጃል። ሠልጣኙን በኮምቦልቻ ማማ ፊት አስቀምጦ ሰዓቱን ከጧቱ 3 ሰዓት ያደርጋል፤ ነፋሱን ዜሮ ላይ ያቆማል፤ አንድ አውሮፕላን ከሰሜን፣ አንድ ከደቡብ፣ አንድ ሞተሩን አስነሥቶ የሚጠብቅ ያክልበታል። ሦስቱም በየተራ ስለ መንደርደሪያው ይጠይቃሉ። አስተማሪው እርሳሱን ይዞ የሠልጣኙን የመጀመሪያ ቃል ይጠብቃል።